የቲሹ ካልቸር የሙዝ ችግኝ፦ ዋጋው ይገባዋል ወይ?

መልሱን መጀመሪያ ልናገር፦ ላብራቶሪ ውስጥ ከትንሽ የተክል ጫፍ በጠርሙስ የተባዛ ችግኝ ዋጋው ይገባዋል። ግን ሻጩን አንድ ነገር ሳትጠይቁ እንዳትገዙ። «የዚህ ችግኝ እናት ማን ናት?» በሉት። ይሄ ጥያቄ ከዋጋውም፣ ከማጓጓዣውም፣ ከችግኙ ቁመትም ይቀድማል። ለምን እንደሚቀድም እንዲገባችሁ ትንሽ ባዮሎጂ ውስጥ ይዣችሁ እገባለሁ። ሙዝ ለማልማት ለሚያስብ ሰው ከዚህ በላይ የሚጠቅም ባዮሎጂ ያለ አይመስለኝም።

የገዛሁት ግራንድ ናይን የሚባለውን የካቨንዲሽ ዓይነት ነው። ዝዋይ አካባቢ በመስኖ በምናለማት ማሳ ላይ ግማሹን በዚህ ችግኝ፣ ግማሹን ደግሞ ከሌላ ማሳ ተነቅሎ በመጣ የሙዝ ልጅ ተከልን። ጉድጓዱ እኩል፣ ፍጉ እኩል፣ ውሃውም ከአንድ ቦይ ነው። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ለጎን እያየሁ ነው የምጽፈው። የሻጩን ስም አልጠራም። ከታች የማነሳው ቅሬታ አለኝ፣ ቅሬታው ደግሞ የእሱ ብቻ አይመስለኝም።

ስለ ሙዝ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ነገር ይሄ ነው፦ የምንበላው ሙዝ ዘር የለውም። ፍሬውን ስትቆርጡት መሃሉ ላይ የምታዩአቸው ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች ዘር ሊሆኑ ሲሉ የቀሩ ናቸው። ምክንያቱ ክሮሞሶሙ ላይ ነው፣ ሴል ውስጥ ዲኤንኤውን (የዘር መረጃውን) የሚይዘው ክር ላይ። የካቨንዲሽ አንድ የክሮሞሶም ስብስብ 11 ነው። የዱር ዘመዶቹ ሁለት ስብስብ ይይዛሉ፣ 22 ማለት ነው። ካቨንዲሽ ግን ሦስት ስብስብ ይዞ 33 አለው። የወንዴና የሴቴ ሕዋስ ሲሠራ ደግሞ ክሮሞሶሞች ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጣምረው ነው የሚለያዩት። ሦስት ስብስብ ሲኖር ጥንዱ አይሞላም፣ ክፍፍሉ ይዛባል፣ የሚበቅል ዘር አይወጣም። ለበላተኛው ጥሩ ነው፣ ዘር እየተፋ አይበላም። ለሙዙ ግን በዘር የመራባት በር ተዘጋበት ማለት ነው።

ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት ኖረ? በሚቶሲስ ነዋ፣ አንዲት ሴል ለሁለት በምትከፈልበት መንገድ። ሚቶሲስ ጥንድ አይፈልግም። ክሮሞሶሙ 22 ይሁን 33 ግድ የለውም፣ ያለውን እንዳለ ገልብጦ እኩል ያካፍላል።

እንዲህ ነው የሚሆነው። ሴሏ ለመከፈል ስትዘጋጅ አስቀድማ ዲኤንኤዋን በሙሉ ትገለብጣለች። እያንዳንዱ ክሮሞሶም ከራሱ ግልባጭ ጋር ተጣብቆ ይቆያል። ከዚያ ክሮሞሶሞቹ ይጠቀለሉና ያጥራሉ፣ ይወፍራሉ፣ የክሮሞሶሞቹ ማደሪያ የሆነው የኒውክለሱ ሽፋን ይፈርሳል፣ ከሁለቱ የሴሏ ዳርቻዎች ቀጫጭን ክሮች ይዘረጋሉ። ክሮቹ እያንዳንዱን ክሮሞሶም ከዚህም ከዚያም ይይዙና ሴሏ መሃል ላይ ያሰልፉታል። ሁሉም በሁለቱም በኩል በትክክል እስኪያዙ ድረስ መለያየት አይጀመርም። አንዱ ክሮሞሶም እንኳ ካልተያዘ ሴሏ ቆማ ትጠብቀዋለች፣ ይሄ ነገር ባሰብኩት ቁጥር ይደንቀኛል። ከዚያ ተጣብቀው የነበሩት ግልባጮች ይላቀቁና 33ቱ ወደ አንዱ ዳር፣ 33ቱ ወደ ሌላው ዳር ይሳባሉ። ለየብቻቸው አዲስ የኒውክለስ ሽፋን ይሠራላቸዋል። የእንስሳ ሴል በዚህ ሰዓት ወገቧ እየጠበበ ሄዶ ለሁለት ትቆረጣለች። የዕፅዋት ሴል ግን ጠንካራ ግድግዳ ስላላት መጥበብ አትችልም፣ መሃል ላይ አዲስ ግድግዳ ትሠራለች። በቃ። አንድ የነበረችው ሁለት ሆነች፣ ሁለቱም 33፣ ሁለቱም ልክ እንደ እናታቸው።

አሁን ወደ ማሳው እንመለስ። የሙዝ ግንድ የምንለው በእርግጥ ግንድ አይደለም፣ የተደራረበ የቅጠል እግር ነው። እውነተኛው ግንድ መሬት ውስጥ ያለው ድቡልቡሉ ነገር ነው፣ እንሰት ላይ አምቾ የምንለው ዓይነት። እዚያ ላይ እንቡጦች አሉ፣ በእንቡጦቹ ውስጥ ሴሎቹ በሚቶሲስ ይባዛሉ፣ ልጅ ሆኖ ከመሬት ይወጣል። እናቲቱ አንድ ጊዜ ዘለላ ሰጥታ ትሞታለች፣ ልጇ ቦታዋን ይይዛል። ወንድ የለ፣ ሴት የለ፣ የአበባ ዱቄት የለ። ኢ-ጾታዊ መራባት ማለት በተግባር ይሄው ነው። አርባ ምንጭ ላይ የምታዩት ያ ሁሉ የሙዝ ማሳም የተስፋፋው ልጅ ከእናት እየተነቀለ ነው።

ይሄ ነገር አዲስ እንዳይመስላችሁ። የእንሰት ገበሬ ከማንም ላብራቶሪ በፊት ሲሠራበት ኖሯል። እንሰት ከሙዝ ጋር አንድ ቤተሰብ ነው፣ ግን እንደ ሙዝ በራሱ ጊዜ እንደ ልብ ልጅ አያወጣም። ስለዚህ ገበሬው ጥቂት ዓመት የሞላውን ተክል ይቆርጥና አምቾውን ያወጣል፣ መሃሉ ላይ ያለውን የሚያድግ ጫፍ ፈልፍሎ ይጥላል፣ ጉድጓዱን በአፈርና በፍግ ሞልቶ መልሶ ይቀብረዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከአንድ አምቾ ዙሪያ በደርዘን የሚቆጠሩ ችግኞች ይፈላሉ። ሚስጥሩ ጫፉ ላይ ነው። ጫፉ በሕይወት እስካለ ድረስ በሚልከው ሆርሞን ሌሎቹን እንቡጦች አፍኖ ይይዛል። እሱ ሲነሳ የታፈኑት ሴሎች መከፈል ይጀምራሉ። ጉራጌ ውስጥ፣ ሲዳማ ውስጥ፣ ሀዲያ ውስጥ አንዲት እናት ይህን ስታደርግ አይታችሁ ከሆነ የቲሹ ካልቸርን መሠረቱን አይታችኋል። ለእነዚህ ገበሬዎች በቂ ክብር አልሰጠናቸውም ብዬ አምናለሁ።

ላብራቶሪው ታዲያ ምን ጨመረ? ብዛትና ንጽሕና። ችግኙን ከመግዛቴ በፊት ሄጄ ጎብኝቻለሁ፣ ሠራተኞቹም ሳይሰለቹ አስረድተውኛል፣ ለዚህ ሙሉ ነጥብ እሰጣቸዋለሁ። ከሙዝ ልጅ ላይ ቅጠሉን እየላጡ እየላጡ ይሄዱና መጨረሻ ላይ የሚቀረው ትንሽዬ ነጭ ጫፍ ነው። በበረኪና ያጸዱታል፣ ከዚያ እንደ ጄሊ የረጋ ምግብ ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ያስቀምጡታል። የምግቡ ቀመር በ1962 እ.ኤ.አ. ሙራሺጌና ስኩግ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ትንባሆ ላይ ሲሠሩ ያወጡት ነው፣ ዛሬም በዓለም ዙሪያ በሰፊው ይሠራበታል። ማዕድን፣ ቫይታሚን፣ ስኳር አለበት። በዚያ ላይ ሳይቶካይኒን የሚባል ሆርሞን ይጨመርበታል፣ እሱ ነው የታፈኑትን እንቡጦች የሚቀሰቅሰው። ገበሬው በቢላ ያደረገውን እነሱ በሆርሞን ያደርጉታል።

ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ አንዱ ጫፍ ብዙ ጫፎች ይሆናል። ይቆራርጡትና እያንዳንዱን ወደ አዲስ ጠርሙስ ያዛውሩታል። እንደገና ይበዛል፣ እንደገና ይቆረጣል። ማሳ ላይ ያለች እናት በዓመት የምትሰጠው ልጅ ጥቂት ነው፣ እዚህ ግን በአንድ ዓመት ከአንድ ጫፍ ብዙ መቶ፣ አልፎም ሺህ ይደረሳል። በመጨረሻ ሥር የሚያስወጣ ሌላ ሆርሞን ይሰጠውና ወደ ጥላ ቤት ይወጣል።

ላብራቶሪው ውስጥ ሁሉም ነገር ለምን እንደዚያ እንደሚጸዳም ጠይቄ ነበር፣ መልሱ ራሱ ስለ ሴል ክፍፍል ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ስኳር ለባክቴሪያም ድግስ ነው። ባክቴሪያ ደግሞ ኒውክለስ ስለሌላት ይህ ሁሉ የሚቶሲስ ሥነ ሥርዓት አያስፈልጋትም፣ ዲኤንኤዋን ገልብጣ ወዲያው ለሁለት ትከፈላለች። ሁኔታው ሲመቻት በ20 ደቂቃ እጥፍ የምትሆን ባክቴሪያ አለች። የሙዝ ሴል አንዱን ዙር ለመጨረስ ብዙ ሰዓት ይፈልጋል። ስለዚህ አንዲት ባክቴሪያ ገብታ ካደረች ሙዙ ሊያሸንፋት አይችልም። ለዚህ ነው ምግቡ በ121 ዲግሪ እንፋሎት የሚቀቀለው፣ ቢላውም በየቁርጡ በእሳት የሚያልፈው። ነጭ ጉም የመሰለ ነገር የታየበት ጠርሙስ ያለ ምንም ርኅራኄ ይወገዳል።

አሁን ወደ ችግኙ። ጥቁር ላስቲኩን ቀድጄ ሳየው ሥሩ ነጭ፣ ቀጭንና ብዙ ነው። ከማሳ የመጣውን ልጅ ደግሞ ድቡልቡሉን በቢላ ሸርፌ አየሁት። ውስጡ ቡናማ ዋሻ አለበት፣ ትል የሄደበት መንገድ። የሙዝ ነቀዝ የሚባለው ጥንዚዛ እንቁላሉን እዚያ ላይ ይጥላል፣ ትሉ ይበላዋል። ልዩነቱ በዚህ አንድ ቁራጭ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ልጅ ከማሳ ስትነቅሉ ሙዙን ብቻ ሳይሆን በላዩ ላይ ያለውን ሁሉ፣ ትሉን፣ ኔማቶድ የሚባለውን ሥር የሚያጠቃ ጥቃቅን ትል፣ ፈንገሱን አብራችሁ ታመጣላችሁ። ከጠርሙስ የወጣው ከእነዚህ ነጻ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ጥቅም እኩልነቱ ነው። የቲሹ ካልቸሩ ግማሽ አብሮ አደገ፣ የአበባውንም እንቡጥ ተቀራርቦ አወጣ፣ ዘለላውም ተከታትሎ ደረሰ። ለነጋዴ ደውላችሁ «መኪና ላክ» ማለት ትችላላችሁ። በልጅ የተከልነው ግማሽ ግን አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ድንክ፣ አንዱ አብቦ አንዱ ገና ቅጠል ላይ ነው፣ እየቆረጡ በትንሽ በትንሹ መሸጥ ነው። የመጀመሪያው ምርት ከዓመት አለፍ ብሎ ነው የደረሰልን። ዝዋይ ከፍ ያለ ቦታ ስለሆነ እንደ አርባ ምንጭ ቆላ አይፈጥንም፣ ይህን አስባችሁ ግቡ።

ዋጋው ከማሳ ልጅ ከእጥፍ በላይ ነው። ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትከፍሉት። ከዚያ በኋላ ተክሉ ራሱ ልጅ ያወጣል፣ እንዲያውም የቲሹ ካልቸሩ ልጅ ማውጣት ላይ በርታ ይላል። ሁሉንም አትተዉለት፣ ምግብ ይሻሙታል። እናት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ሦስት ብቻ ይቆዩ፣ የቀረውን እያነሳችሁ ሌላ ቦታ ትከሉ።

ቅሬታዬ ሦስት ነው፣ ሁለቱ ቀላል ናቸው። ካርቶኑ ውስጥ ችግኞቹ ተደራርበው ስለመጡ አንዳንዶቹ አንገታቸው ተሰብሯል። ደውዬ ነገርኳቸው፣ ሳይከራከሩ ተኩልኝ። ሌላው፣ ፀሐይ ሳይለምዱ ነው የወጡት። ጠርሙስ ውስጥ ያደገ ቅጠል እርጥበት ባለበት አየር ስለኖረ የሰም ልባሱ ስስ ነው፣ ውሃ ቶሎ ያጣል። ጥላ ቤት ውስጥ ቀስ በቀስ መልመድ አለበት። የእኛዎቹ ጠርዛቸው ስለተቃጠለ የዳስ ጥላ ሠርተንላቸው ጥቂት ሳምንታት አቆየናቸው፣ አዲስ ቅጠል ሲያወጡ አገገሙ።

ሦስተኛው ግን ዋናው ነው። ስለ እናቲቱ ጠየቅኩ፣ መልስ አላገኘሁም። ዝርያው ግራንድ ናይን ነው አሉኝ፣ ከየት ማሳ እንደተወሰደች፣ ምን ያህል ዘለላ ትሰጥ እንደነበር፣ የቫይረስ ምርመራ ተደርጎላት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «እናቷን አይተህ ልጇን አግባ» ይባል የለ? ሙዝ ላይ ይሄ አባባል ቃል በቃል እውነት ነው። በዘር የሚራባ ተክል ላይ ልጁ ከእናትም ከአባትም ስለሚወስድ ደካማ እናት ደህና ልጅ ልትወልድ ትችላለች። በሚቶሲስ ግን የሚቀላቀል ነገር የለም። እናቲቱ ፍሬዋ አጭር ከሆነ ሺዎቹም ፍሬያቸው አጭር ነው። እናቲቱ ውስጥ ቫይረስ ካለ ደግሞ ለሺዎቹ ሊዳረስ ይችላል፣ ምክንያቱም ጫፉን ብቻ ማውጣት ፈንገስንና ኔማቶድን ያስቀራል እንጂ ቫይረስን በእርግጠኝነት አያስቀርም። የእናት መዝገብ የሌለው ላብራቶሪ ይህን ሁሉ ገንዘብ አውጥቶ ሠርቶ ዋናውን ነገር ሳይጽፍ ቀረ ማለት ነው፣ ይህ ያናድዳል።

ሌላም ልትጠይቁት የሚገባ አለ፦ ስንት ዙር ተባዝቷል? ከገዛኋቸው አንዱ ችግኝ ቅጠሉ ላይ ነጭ መስመር ነበረው። ከመሃል አከርካሪው ተነስቶ እስከ ጠርዙ የሚዘልቅ፣ ዳሩ በምላጭ የተቆረጠ የሚመስል ቀጥ ያለ መስመር። በሽታ መሰለኝና ለብቻው አስቀመጥኩት። ቀጣዩ ቅጠል ሲፈታ ግን እዚያው ጎን ላይ ያው መስመር፣ የሚቀጥለውም ላይ እንደዚያው። የግብርና ባለሙያ አሳየሁት፣ በሽታ ሳይሆን በዘረመል የተለወጠ ነው አለኝ። አንዲት ሴል ጫፉ ላይ እያለች ዲኤንኤዋ ላይ ለውጥ ገባ፣ አረንጓዴውን ቀለም መሥራት አቃታት፣ ሚቶሲስ ደግሞ ያገኘውን እንዳለ ነው የሚገለብጠው፣ ስህተቱንም ጭምር። ስለዚህ የእሷ ልጆች በሙሉ ነጭ ሆኑ፣ የጎረቤቷ ልጆች አረንጓዴ። ያ መስመር የአንዲት ሴል የዘር ሐረግ ነው፣ ቅጠል ላይ ተጽፎ። ተክሉን አልነቀልኩትም፣ የሚጎበኘን ተማሪ ሲኖር እሱን ነው የማሳየው። ለገበያ ግን አይሆንም። ዙሩ በበዛ ቁጥር እንደዚህ ዓይነቱ፣ ድንክ የሚሆነውም ጭምር፣ ይበዛል። ጥሩ ላብራቶሪ ከተወሰነ ዙር በኋላ አቁሞ ከማሳ አዲስ ጫፍ ያመጣል።

ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት አንድ ሌላ ነገር ደግሞ አስቡ። ንጹሕ ማለት በሽታ የሚቋቋም ማለት አይደለም። እንሰት አጠውልግ የሚባለው ባክቴሪያ በሳይንስ ጽሑፍ በ1968 እ.ኤ.አ. ከዚሁ ከአገራችን እንሰት ላይ ተመዘገበ፣ በ1974 ደግሞ ሙዝ ላይ። ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው የሚሻገርበት ዋናው መንገድ ቢላ ነው። ቅጠል የምትቆርጡበትን፣ ልጅ የምትለዩበትን ቢላ በበረኪና እየነከራችሁ ወይም እሳት ላይ እያሳለፋችሁ ሥሩ። ሠራተኛ ከሌላ ማሳ ሲመጣም የእሱን ቢላ አትቀበሉ።

ሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑም ዕዳ አለው። ዓለም ድሮ የሚነግደው ሙዝ ግሮ ሚሼል የሚባል ሌላ ዓይነት ነበር። እሱም እንደዚሁ ልጅ እየተነቀለ የተስፋፋ፣ ሁሉም የአንድ እናት ግልባጭ ነበር። ፓናማ በሽታ የሚባለው የአፈር ፈንገስ ገባበትና አንዱን የገደለው ሁሉንም ገደለ፣ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ካቨንዲሽ ቦታውን ያዘ። ዛሬ ደግሞ ካቨንዲሽን የሚገድል የዚያው ፈንገስ ዓይነት፣ ቲአር4 የሚባለው፣ ከእስያ ተነስቶ እየተዛመተ ነው፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ሞዛምቢክ ላይ መገኘቱ ተረጋግጧል። አፈር ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ከውጭም ይሁን ከማይታወቅ ማሳ አፈር የነካው ልጅ አታምጡ። እኔ የማሳዬን አንድ ጥግ ለሌላ የሙዝ ዓይነት ትቻለሁ፣ ምርቱ ያንሳል፣ ግን ካቨንዲሹን የሚያጠቃ ነገር ቢመጣ እሱን ላይነካው ይችላል።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፣ ለችግኙ ጥራት ከ5 አራት፣ ለመስተንግዶው አምስት፣ ለመዝገብ አያያዙ አንድ። እንደገና ልግዛ? አዎ፣ ግን የእናቲቱን ማሳ፣ የቫይረስ ምርመራውንና የዙሩን ቁጥር በጽሑፍ ከሚሰጠኝ ላብራቶሪ። ለክረምት መትከል የምታስቡ ካላችሁ ከአሁኑ እዘዙ፣ ችግኙ ከጠርሙስ ወጥቶ ጥላ ቤት እስኪለምድ ብዙ ሳምንታት ስለሚወስድ በመጨረሻ ሰዓት ብትሄዱ አታገኙም። ስትረከቡም ላስቲኩን አንድ ሁለቱን ቀድዳችሁ ሥሩን እዩ፣ ቅጠሉን አንድ በአንድ ዘርጉ፣ መስመር ያለበትንና አንገቱ የተሰበረውን እዚያው መልሱ።